ከሮቃው የላዩን ማን ይጠጣ?

ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ይዤ እዞራለሁ። ጭማቂ የሚጨምቀው ሰው ለምንድን ነው ዝቃጩን የሚጠጣው? ትንሽ ጥያቄ ነው፣ አውቃለሁ። ስለ ዓለም ሰላም የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ የምጠይቀው ስለ አንድ ጆግ ነው። ግን አትሳቁብኝ። በረመዳን፣ በከሚሴ ሙቀት፣ ቀኑን ሙሉ ጾማችሁ፣ ክንዳችሁ እስኪዝል የጨመቃችሁት ነገር በሌላ ሰው ጉሮሮ ሲወርድ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ከጓዳ ሆኜ እሰማዋለሁ። ጭልጥ ይደረጋል። ከዚያ «አልሐምዱሊላህ» ይከተላል። ከዚያ ወቀሳው።

ሙቀታችንን ለማያውቅ ማስረዳት ከባድ ነው። የደሴ ሰው «ዛሬ ሞቀ» ካለ ሹራቡን አወለቀ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ሞቀ ማለት የጣሪያው ቆርቆሮ መንጫጫት ይጀምራል፣ ዶሮዋ አፏን ከፍታ ግድግዳ ጥግ ትቆማለች፣ የቧንቧው ውሃ እጅ ይፈጃል። ሰው ከሰው ጋር መጣላት እንኳ ይደክመዋል። እኔ ብቻ ነኝ በዚህ ሙቀት ለመናደድ አቅም የተረፈኝ።

የቤታችን መጠጥ ሮቃ ነው። የባቲ ሰኞ ገበያ የሄደ ሁሉ ያውቀዋል፤ ተልጦ ተጠፍጥፎ የሚሸጥ የዛፍ ፍሬ ነው፣ ቡናማና ጎምዛዛ፣ በውስጡ እንደ ጠጠር የጠነከረ ጥቁር ፍሬ ያለው። ከሱሑር፣ ከንጋት በፊት ከሚበላው ምግብ፣ በኋላ ሳፋ ውስጥ ይነከራል። ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ እጅጌ ተሰብስቦ ይገባበታል። ይታሻል፣ ፍሬው ይለቀማል፣ በወንፊት ይጠለላል፣ ደግሞ በንጹሕ ሻሽ ይጠለላል። ዝንጅብል ይወቀጥለታል፣ ሎሚ ይጨመቅበታል፣ ውሃና ስኳር ይገባበታል። ጥፍሬ የረመዳን ወር ሙሉ ሒና የተቀባ ይመስላል፤ ሒና ግን ቢያንስ ለሠርግ ነው።

ሰሞኑን ስልኬ ላይ አንዲት ሴት አየሁ። ጥፍሯ እንደተቀባ፣ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ እንጆሪ መፍጫ ውስጥ ጨምራ፣ አንድ ቁልፍ ነክታ ፈገግ አለች። «በሦስት ደቂቃ ልብ የሚያርስ መጠጥ» አለች። እኛ ቤትም መፍጫ አለ። እጄን ወደ ቁልፉ ሳስጠጋ የሰፈሩ መብራት ይጠፋል። ጎረቤቱ ሁሉ በእኔ ማሳበብ ሲጀምር መፍጫውን ጠቅልዬ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት። እንጆሪውንስ ተዉት።

ለነገሩ የሚያናድደኝ ሥራው አይደለም። ሮቃ ሲረጋ ለሁለት ይከፈላል። ከላይ ጥርት ያለው ይንሳፈፋል፣ ከታች ጭቃው ይተኛል። ለምን አታማስሉትም ትሉኝ ይሆናል። አጎቴ ሰይድ የተማሰለ አይወድም። ይደፈርሳል ይላል። የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አባቴ ካረፈ ወዲህ እኛ ቤት ነው የሚያፈጥረው፤ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ፣ የመስጊድ ጓደኞቹን አስከትሎ ነው የሚመጣው። ጥርት ያለው ለእነሱ ይቀዳል። ሁለተኛ ዙር ይጠይቃሉ፤ ይቀዳል። ጆጉ ወደ ጓዳ ሲመለስ የታቹ ጭቃ ለእናቴና ለእኔ ነው። እናቴም ሁልጊዜ አንድ ነገር ትላለች፤ «እኔስ ወፍራሙን ነው የምወደው።»

ወንድሜ ከድር ባጃጅ ይነዳል። የእሱ ድርሻ በረዶ ነው። በላስቲክ የተቋጠረ በረዶ ከሱቅ ያመጣና ጆጉ ውስጥ ጣል ያደርጋል። በቃ። ታዲያ ምርቃቱ የሚዘንበው በማን ላይ ይመስላችኋል? ከድር አላህ ይጨምርልህ፣ ከድር አንጀታችንን አራስከው። ወቀሳው ለእኔ ነው። ስኳር አነሰው፣ ጎመዘዘ፣ ጥርስ አጠረሰ። ለከድር ይህን ብነግረው ምን አለኝ? ነገር አታካብጂ አለኝ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል።

ስኳሩ ላይ እውነት አላቸው። ግን ጾመኛ ሰው የሠራውን እንዴት ይቅመስ? በምላስ ጫፍ ነክቶ መትፋት ይፈቀዳል ብለው ሼሁ ሲያስተምሩ ሰምቻለሁ። ለእናቴ ነገርኳት። እሷ ምላስ ከቀመሰ ጉሮሮ ይመኛል ብላ ከለከለችኝ። ስለዚህ የቤታችን ቀማሽ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ናቸው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል፤ እሳቸውም ይጾማሉ፣ ግን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ አፋቸው ይፈታል። በአጥሩ ላይ አንድ ማንኪያ አቀብላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥማሉ። ሁልጊዜም «በቃ፣ ልክ ነው፣ እንዳትጨምሪ» ይላሉ። እኔም አልጨምርም።

አንድ ምሽት አጎቴ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ጭልጥ አደረገና ፊቱን እንደ ሎሚ ጨመደደ። ከዚያ በእንግዳ ሁሉ ፊት፣ እኔ ሳምቡሳ ይዤ እንደቆምኩ፣ ተናገረኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠሽ ስኳር መመጠን አላስተማሩሽም?»

ሳሎኑ በሳቅ ሞላ። ከድርም ሳቀ፤ የበረዶው ባለቤት። እኔ ሰው ፊት መልስ የለኝም። ፈተና ላይ መልስ ነበረኝ፣ ወረቀት ላይ አለኝ፣ ሰው ፊት ግን ምላሴ ይተሳሰራል። ሳምቡሳውን አስቀምጬ ወደ ጓዳ ገባሁ። ጆጉ ባዶ መጣልኝ። ባዶ እንኳ ባይሆን፣ ታቹ ላይ ጭቃ፣ እንዴት ከወንፊቱ እንዳመለጠ እንጃ፣ አንድ ፍሬም ተኝቶበት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስጾም የዋልኩት ለዚያ ፍሬ ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ጨምቆ ያሳደረ አይመስለኝም፤ በከሚሴ ሙቀት ዝም ብሎ ያደረ ነገር ሁሉ ይቦካል። እኔም ሌሊቱን ስቦካ አደርኩ።

በማግስቱ ማንኪያዬን ይዤ አጥሩ ጋ ሄድኩ። እትዬ አስካለ ቀመሱና «ኧረ ይሄ ማር ነው» አሉ። ያን ጊዜ አላስቻለኝም። ሰዎቹ ሁሉ ጎመዘዘ እያሉ እርስዎን እንዴት ማር ይልዎታል አልኳቸው። ሳቅ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው፣ ሐኪም ስኳር ከከለከላቸው ከዓመት በላይ እንደሆነ፣ ሻይ እንኳ እንዲያው እንደሚጠጡ ነገሩኝ።

«አሁንማ ልጄ፣ ጎመኑም ይጣፍጠኛል» አሉኝ።

እዚያው አጥሩ ሥር ማንኪያዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ወሩ ከገባ ጀምሮ የቤታችን ምላስ ይህ ነበር! ዱላው ደግሞ በእኔ ላይ። እየበገንኩ ወደ ጓዳ ተመለስኩ። እናቴ ሻሹን እያጠመዘዘች ነበር። በይ አንቺ ንገሪኝ አልኳት፤ ከረመዳን ውጭ ስትጠጪው ስኳሩ ምን ያህል ሲሆን ነው ደስ የሚልሽ?

«ምኑን አውቄ» አለች ሳትዞር። «የላዩን ጠጥቼ አላውቅ።»

«ወፍራሙን ነው የምወደው ትይ የለ?»

«የማይደርስሽን አልወድም ማለት ይቀላል፣ ልጄ።»

ሻሹን ማጥመዘዟን ቀጠለች። አያችሁ? ያን ሁሉ ዓመት ስትጨምቅ፣ የገዛ እጇ ሥራ ምን ምን እንደሚል አታውቅም። የእኔ ንዴት ስለ እኔ ይመስለኝ ነበር። ያን ጊዜ እጥፍ ሆነ።

ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፣ ሮቃው ከረጋ በኋላ፣ የላዩን ሁለት ብርጭቆ ቀዳሁ። ከድር ካመጣው በረዶ ዘግኜ ጨመርኩበት። በሰፌድ ከደንኩት። እናቴ ደነገጠች። እንግዳ ሳይጠጣ ነውር ነው፣ አጎትሽ ምን ይላል፣ ሰው ምን ይላል አለች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አልኳት፤ ጆጉ በእጃችን ያለው እስከ መግሪብ ብቻ ነው። ሳሎኑ ሞላ። አዛን አለ። ጆጉ ሄደ። እኛም ጓዳ በርጩማችን ላይ ተቀምጠን በቴምር አፈጠርን። ብርጭቆዋን አቀበልኳት።

በቀስታ ጠጣች። አቋረጠች። ዓይኗን ጨፈነች። ደግማ ጠጣች፣ እስከ ግማሽ። እኔ የራሴን ረስቼ አያታለሁ። መጽሐፍ ቢሆን እዚህ ላይ እንባ ይመጣል። ቢያንስ ምርቃት። እናቴ ግን ብርጭቆውን ወደ ብርሃኑ አነሳችና እንደ ዳኛ አየችው።

«ስኳር ትንሽ አነሰው» አለችኝ።

እንዴት እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ። ወቀሳ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ለካ የላዩን የጠጣ ሰው ምላስ ሁሉ አንድ ነው! እየሳቅሁ ሳለ አጎቴ ከሳሎን ተጣራ። ጆጉ ዛሬ ለምን ጎደለ ይላል። በሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። እንግዶቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ።

«የላዩን እኔና እማዬ ጠጣነው» አልኩ።

ማንም አልሳቀ። አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ ከጎኑ ለነበረው ሰው ስለ ጨፋ ሮቢት ገበያ የበሬ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ለካ ያን ያህል የፈራሁት ይህን ነበር።

ወደ ጓዳ ተመለስኩና ወሰንኩ። አጎቴ ወሩ ከገባ ጀምሮ የጮኸለትን ስኳር ሁለት ማንኪያ ሙሉ ዘግኜ ጨመርኩ፤ በእናቴ ብርጭቆ። ጆጉን በተመለከተ፣ ረመዳን እስኪያልቅ ቀማሹ እትዬ አስካለ ናቸው።