እግሩ ያልደረቀው እንግዳ

የአንድ ሰው ዕድሜ መጨረሻው ላይ ሲጠቀለል ስንት ቃል ይሆናል? የጋሽ ኑርዬ ሦስት ነው፤ «ማነው እሱ ደግሞ?»

ቀናተኛ ባል የሌለበት ሰፈር የለም። አብዛኞቹ ግን ፀጉራቸው ሲሸብት ቅናታቸውም ይሸብታል። የሐይቅ ከተማው ጋሽ ኑርዬ፣ የባለቤታቸው የእማማ አሪፋ የዕድሜ ልክ ዘበኛ፣ በሰማንያ ዓመታቸውም ጡረታ አልወጡም። ዓሣ ሻጩ ለእማማ አሪፋ ተለቅ ያለውን ቆሮሶ ከመረጠላቸው፣ «ማነው እሱ ደግሞ?» የባጃጁ ሹፌር «እናቴ፣ ቀስ ብለው ይውረዱ» ካለ፣ ያው ነው። አንድ ዜና አንባቢ ድምፁ ለስለስ ቢልባቸው የሬዲዮኑን ባትሪ አውጥተው ኪሳቸው ከተዋል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ዋናው መጣ። ጋሽ ኑርዬ ከመስጊድ ሲመለሱ እማማ አሪፋ በር አጠገብ ወዳለው መደብ ዞረው፣ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ይስቃሉ። ያንን ሳቅ ካዩት አርባ ዓመት አልፏቸዋል። መደቡ ላይ ማንም የለም።

«ማነው እሱ ደግሞ?»

«እንግዳ ነዋ። ከሐይቁ ነው የመጣው፤ እግሩ መራሱን አያዩም?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጥ ነበር። ጋሽ ኑርዬ ቀኑ። ዕድሜው ስንት ነው፣ ጥርሱ ሙሉ ነው ወይ እያሉ መረመሩ። በማግስቱ ጢማቸውን ሂና ተቀብተው፣ አዲስ ሽርጥ አገልድመው መደቡ ላይ ጉብ አሉ።

«ኧረ አንቱ፣ ጭኑ ላይ ተቀመጡበት እኮ!»

በእኛ አገር እንግዳ ውጣ አይባልምና ነገሩ ወደ ሽምግልና ሄደ። ሸህ ኡበይድና አባባ ዝናቡ መጥተው ከባዶው መደብ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሸህ ኡበይድ ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ የቤቱ ባለቤት ቅር ስላላቸው እንግዳው ቢሄድ ምን ይመስለዋል ብለው ጠየቁ። እማማ አሪፋ ጆሯቸውን ወደ መደቡ ጣል አድርገው አዳመጡና፣ «እግሬ ይድረቅልኝ ይላል» አሉ። ሽማግሌዎቹ ወጣ ብለው ተመካከሩ። እግሩ ያልደረቀ እንግዳ አይባረርም ተባለ። ጋሽ ኑርዬ ወደ መደቡ ጫፍ ጠጋ እንዲሉ ተፈረደባቸው።

ኋላ ልጃቸው ራህመት እናቷን ደሴ ወስዳ አሳከመቻቸው። ሐኪሙ በእርጅና እንዲህ ያለ ነገር ይመጣል፤ የሌለ ሰው ያሳያል፣ ያናግራል ብሎ ኪኒን አዘዘ። በወሩ የእማማ አሪፋ እንቅልፍም ምግብም ተስተካከለ። እንግዳውም ቀረ።

ጋሽ ኑርዬ ደስታቸው ሁለት ቀን ቆየ። እማማ አሪፋ ባዶውን መደብ ትክ ብለው ያያሉ እንጂ አይስቁም። ለሌለ ሰው መቅናት ሞኝነት ነው ትሉ ይሆናል። ሰውዬው አልነበረም፤ ሳቁ ግን ነበረ።

አንድ ቀን ጋሽ ኑርዬ ሐይቁ ዳር ወርደው እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነከሩ፤ ሳያደርቁ ቤት ገብተው እዚያው መደብ ላይ ተቀመጡ። እማማ አሪፋ እግራቸውን አዩ። ጨርቅ አቀበሏቸው።

«ይጥረጉት፣ ይበርድዎታል።»

ይኸው ነው፤ ሳቅ የለም።

በማግስቱ ጋሽ ኑርዬ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስጠሩ። ስንስቅባቸው የኖርን ሁሉ ያን ቀን መሳቅ አቃተን። ሸህ ኡበይድ መሬት መሬት አዩ፤ አባባ ዝናቡ ባርኔጣቸውን አዟዟሩ። ሽማግሌዎቹ ለተላኩበት እስከ ዛሬም አልሄዱም፤ የት ብለው ይሂዱ? ጋሽ ኑርዬ የለመኗቸው ይህንን ነበር፤

«ሽማግሌ ሁናችሁ ፈልጉልኝ። ኑርዬ በድሎሃል፣ ይክስሃል በሉት። መደቡን ለቅቄለታለሁ። ቢሻው ጭኔ ላይ ይቀመጥ።»