የታጠቡት እንቁራሪቶች

የእኛ አገር ሰው «አደራ» ብላችሁ ዶሮ ብታስቀምጡበት፣ ስትመለሱ ዶሮዋ ወፍራ እሱ ከስቶ ታገኙታላችሁ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚባለው ያለ ነገር አይደለም። አደራ በላም አለ፤ የሱን ጉዳይ ለዳኛ እንተወው። እኔን የገጠመኝ አደራን ከልክ በላይ የጠበቀ ሰው ነው። ለዚህኛው የትኛውም ዳኛ አንቀጽ የለውም።

ዘመኑ ደርግ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሆኜ ኮልፌ፣ እትዬ ብርቄ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የመመረቂያ ጥናቴ ስለ እንቁራሪት ቆዳ ነው። አትሳቁ! ዳቦ ትንሽ ሲሰነብት ይሻግታል፤ እንቁራሪት ዕድሜዋን ሙሉ ረግረግ ውስጥ ተዘፍቃ ስትኖር ቆዳዋን ሻጋታ የማይወርሰው ለምንድን ነው? ያ ሲነኩት የሚያስጸይፈው ዝልግልግ ፈሳሽ መከታ ሆኗት ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ። ማስረጃ ግን አልነበረኝም። አስተማሪዬም «በዚህ ወር የሚታይ ነገር ካላመጣህ ጥናቱ ይዘጋል» ብለውኛል፤ ከተዘጋ ደግሞ መመረቅ የለም።

ከወንዝ ዳር የለቀምኳቸውን እንቁራሪቶች በሁለት ሳፋ ከፍዬ በረንዳ ላይ እንዳኖርኳቸው፣ ለልማት ዘመቻ ለጥቂት ቀን ከከተማ ውጡ ተባልን። አልሄድም ማለት በዚያ ዘመን የሚታሰብ አይደለም።

«እትዬ ብርቄ፣ እንቁራሪቶቼን አደራ» አልኳቸው።

«በል ሂድ ልጄ፣ እንደ ልጆቼ ነው የማያቸው» አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ ሳፋዎቹ ሳያዞሩ።

ቃላቸውን ጠበቁ። ስመለስ እንደ ልጆቻቸው አጥበዋቸው አገኘሁ!

«እንዲያ ተዝለግልገው ሳይ አንጀቴ አልቻለም» አሉ። «ለጥምቀት ያስቀመጥኳት የገላ ሳሙና ነበረች፤ አንዱን ሳፋ እንደጨረስኩ አለቀችብኝ። የእነዚያኞቹን ይቅር በለኝ።»

ሳሙና ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፎ፣ ያውም ሲገኝ በሚገዛበት ዘመን! ምን ልበላቸው? «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ የታጠቡት ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ሻጋታ ወጣባቸው፤ ጥቂቶቹም ሞቱ። ያልታጠቡት እንደተዝለገለጉ ይዘላሉ። ልቤ ዘለለ። ከየሳፋው ጥቂት ጥቂቱን በሁለት ጣሳ ይዤ ከጦር ኃይሎች ፌርማታ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አንዷ ከጣሳው ውስጥ ስትጮኽ ያ የታጨቀ አውቶቡስ ቦታ እንዴት እንደለቀቀልኝ ብታዩ!

አስተማሪዬ ሁለቱን ጣሳ እያፈራረቁ አዩ። «ሳሙናው ራሱ ጎድቷቸው እንደሆነስ? ከደህናዎቹ የግማሾቹን ፈሳሽ ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ድገመው» አሉኝ። ጥናቱ አልተዘጋም።

እትዬ ብርቄ ግን ሟቾቹን ካዩ ወዲህ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። «የሰው አደራ በላሁ» ሲሉ ሰማኋቸው። ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። «እርስዎ ባያጥቧቸው ኖሮ እኔ ዛሬ ሜዳ ላይ ነበርኩ» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር።

ፊታቸው በራ። «እውነትህን ነው? እንግዲያው ሳሙና ሲመጣ የቀሩትንም አጥብልሃለሁ!»

ብለምናቸው፣ ባስረዳቸው፣ ይሉኝታ መሰላቸው። «ግድ የለህም፣ አይከብደኝም» አሉ። እኔ ጠረግኩ፣ የተጠረጉት ሻገቱ፣ ያልተነኩት ዳኑ፤ በዚህ ሁሉ መሃል ዓይኔ ቀበሌ ሱቅ ላይ ነበር። ጥናቴን እስክጨርስ ሳሙና አልመጣም። ሰፈሩ ሁሉ ሲያማርር፣ በሳሙና መጥፋት ፈጣሪውን ያመሰገነ የኮልፌ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።