ልጃቸውን የሚያሙት ቄስ አስናቀው

ልጁን የሚያሞግስ ወላጅ በየአገሩ ሞልቷል። ለእሱ ሁለት ጆሮ ያለው ሰው ማግኘት ብቻ ይበቃዋል። ችሎታ የሚጠይቀው ልጅን እያሙ ማሞገስ ነው። በዚህ ሙያ መካነ ሰላም የምትኮራበት ሰው አላት። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ደብር የሚቀድሱት፣ ከቅዳሴ መልስ ደግሞ ገብሳቸውን የሚያርሙት ክቡር ቄስ አስናቀው ናቸው።

ቄስ አስናቀው ሥርጉት የምትባል፣ ስምንተኛ ክፍል የምትማር አንዲት ልጅ አለቻቸው። የእሷ ነገር ሲነሳ መጀመሪያ ፊታቸውን ያጨማድዳሉ፣ ቀጥሎ እጃቸውን ያወናጭፋሉ፣ ከዚያ «ተዉኝ እባካችሁ፣ የሷን ነገር አታንሱብኝ!» ይላሉ። ብዙውን ጊዜ ያነሳባቸው ሰው የለም፤ ወሬው ስለ ማዳበሪያ ነበር።

«ደግሞ ምን አደረገች?» ይላል ከአጠገባቸው የተገኘ ምስኪን።

«ምን ያላደረገችው አለ? ፈዛዛ ናት! ትናንት ጥጃውን ከገብሱ መልሺ ብላት፣ ጥጃው ይግጣል፣ እሷ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ሒሳብ ትሠራለች። የምን ሒሳብ ነው ብላት የአሥረኛ ክፍል ነው አለችኝ። የራሷ ክፍል አልበቃ ብሏት! እንዲህ ያለች ሰነፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

አድማጩ ወጉን ያውቃልና «ውይ፣ መቼም ልጅ ያስቸግራል፣ እግዜር ይርዳዎ» ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ቄሱም የተመረቁ ያህል ደስ ብሏቸው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ።

አንድ ጊዜ ከወግዲ ሲመለሱ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ጎማው እስኪቀየር ድረስ ሥርጉት የሳይንስ መምህሯን ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዴት እንዳረመቻቸው፣ ይህም ምን ያህል ነውር እንደሆነ ለተሳፋሪው በሙሉ አስረዱ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሰፈሩ አዲስ የሆነች ሴት ወሬውን እንዳለ አምና፣ ለፈዛዛዋ ልጅ መድኃኒት ይሁን ብላ በጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ቄስ አስናቀው ሳይስቁ አመስግነው ተቀበሏት። ሥርጉትም ጠበሉን ጠጣች፤ በነጋታው በፊዚክስ ከመቶ መቶ አመጣች። ይህንንም ለጎረቤቱ ሁሉ በምሬት ተናገሩ።

ነገሩ ለቀልድ ብቻ አይደለም። ከሥርጉት በፊት አድማሴ የሚባል ወንድ ልጅ ነበራቸው። በአራት ዓመቱ ፊደል ለይቶ ዳዊት መድገም ሲጀምር ሰው እየመጣ አፉን ይዞ ያደንቀው ነበር። አምስት ሳይሞላው በኩፍኝ ሞተ። ቄስ አስናቀው የተማሩ ካህን ናቸው፤ የሰው ዓይን ይገድላል ብሎ ማመን ተገቢ አለመሆኑን መድረክ ላይ ቆመው ያስተምራሉ። ከመድረክ ሲወርዱ ግን «አላምንበትም፣ ግን ለምን ልፈታተነው?» ይላሉ።

የእሳቸው ተቃራኒ ወይዘሮ ብርሀንነሽ ናት፣ የበርበሬ ነጋዴዋ። ብርሀንነሽ ልጇን ይሄነውን ፊት ለፊት ነው የምታሞግሰው። በርበሬ እየሰፈረች «ዶክተሬ! አንደኛ ነው እኮ፣ ሥርጉትን ካልቆጠርን!» ትላለች፣ ገበያው እስኪሰማ። ቄስ አስናቀው በአጠገቧ ሲያልፉ ይህን ከሰሙ ይሰቀጥጣቸዋል። ቆም ብለው በለሆሳስ ለይሄነውም ጭምር በስመ አብ ይላሉ።

በዚህ ዓመት ነገር መጣ። በሩቅ ከተማ ያለ፣ ጎበዝ ተማሪዎች ብቻ የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ከወረዳው አንድ ልጅ እንደሚወስድ ተሰማ። ፈተናው ተሰጠ፤ ሥርጉት አንደኛ፣ ይሄነው ሁለተኛ ወጡ። ከዚያ ቅጽ መጣ። የፊቱን ገጽ መምህሯ ሞሉት፤ የጀርባው ገጽ «የወላጅ ምስክርነት» የሚል ነበር፣ ስለ ልጁ ትጋትና ጤና ወላጅ በእጁ የሚጽፍበት።

ቄስ አስናቀው ቅጹን ቤት ወስደው ለረጅም ጊዜ አዩት። በአፍ የተነገረ ወሬ ይረሳል። ወረቀት ግን በሚኒባስ ተጭኖ ይሄዳል፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ስንት የማይታወቅ ዓይን ያርፍበታል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በተማሩት በዚያ ውብ የእጅ ጽሑፋቸው፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖረው እንዲህ ጻፉ፦ «ልጄ ሥርጉት ፈዛዛ ናት። የነገሯትን ቶሎ ትረሳለች። ጤናዋም ያን ያህል አይደለም። ቢሆንም የእግዚአብሔር ፈቃድ ይሁን።» አሽገው ሰጡ። የተማረ ሰው ስለሚያነበው ነገሩ ይገባዋል ብለው አልተጨነቁም።

የተማረው ሰው እንዳለ አነበበው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘንድሮ ተመድቦ የመጣው ወጣቱ መምህር ፈንታሁን ደወለላቸው።

«አባቴ፣ ውጤቷ ከሁሉም ይበልጣል። ግን የአዳሪ ትምህርት ቤቱ ሰዎች፣ ወላጇ ታማሚ ናት ካሉ ልንወስዳት አንችልም ብለዋል። እስከ ቅዳሜ በወላጆች ኮሚቴ ፊት ቃልዎን ካላስተካከሉ ቦታው ለሁለተኛው ይሰጣል።»

«በጽሑፍ አይሆንም?»

«የመጀመሪያው በጽሑፍ ነበር እኮ፣ አባቴ።»

ዓርብ ረፋድ ላይ ወላጆች አንድ ክፍል ውስጥ ተሰበሰቡ፤ በተማሪ ወንበር ተጣበው፣ ጉልበታቸው ደረታቸውን እየነካ። ሰብሳቢው ልብስ ሰፊው አቶ ያሲን ናቸው። መምህር ፈንታሁን ብዕሩን ከፍቶ ተዘጋጀ። ሥርጉትም ቅጹ ላይ ትፈርማለች ተብላ በሩ ሥር ቆማለች። ቄስ አስናቀው ተነሱ፤ መስቀላቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እ... ክፉ ልጅ አይደለችም» አሉ።

መምህሩ ክፉ አይደለችም ብሎ ጻፈ። «ሌላስ?»

«ትበላለች።»

ክፍሉ ሳቀ። አቶ ያሲን «አብሽሩ አባታችን፣ ቀስ ብለው» አሉ፣ ጁምዓ እንዳያመልጣቸው ሰዓታቸውን በጎን እያዩ። ቄሱ ግን ላባቸውን ይጠርጋሉ። ሠላሳ ወላጅ አፍጥጦ እያያቸው፣ በስድሳ ዓይን ፊት የልጃቸውን ስም በበጎ መጥራት እሳት መጨበጥ ሆነባቸው። ዝም ቢሉ ልጅቷ ትቀራለች፤ ቢናገሩ ደግሞ አድማሴ ትዝ ይላቸዋል።

ወይዘሮ ብርሀንነሽ አቀርቅራ የነጠላዋን ጥለት ትጎነጉን ነበር። አንድ ደቂቃ ዝም ብትል ዶክተሯ ሻንጣውን ያስራል። ትንሽ ዝም አለችም። ከዚያ ድንገት ተነሳች።

«ወላሂ ያናድዳሉ፣ ቄሱ! ልጄ እዚያ ሄዶ ዕድሜ ልኩን ሥርጉት የተወችለት ሲባል ይኑር? አልፈልግም! ይልቅ ይናገሩ። ዓይን ከፈሩ እኛ ለምን ተቀመጥን? እንትፍ እንልልዎታለን!»

«ይናገሩ፣ ይናገሩ!» አለ ቤቱ ሁሉ።

ቄስ አስናቀው ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ። ሥርጉት ከእናቷ ጎን ቆማ በመስማት ብቻ በአራት ዓመቷ ቅዳሴውን በቃሏ እንደያዘች ተናገሩ። አንድም ቀን ታማ እንደማታውቅ፣ አንድ ጊዜ የነገሯትን ከዓመት በኋላ ቃል በቃል እንደምትመልስ፣ የማኅበሩን የእህል ክፍፍል ሽማግሌዎች ተጣልተውበት እሷ በጣቷ አስልታ እንዳስታረቀቻቸው አወሩ። ድምፃቸው እየጠነከረ ሄደ።

«ሰባተኛ ክፍል አንደኛ ወጥታ ስሟ ሲጠራ ከግቢው ወጥቼ ሄድኩ። አላያችሁኝም? ከአጥሩ ጀርባ ቆሜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ይህቺን የመሰለች ልጅ ለእኔ ለምን እንደተሰጠች እስከ ዛሬ አይገባኝም። ብልህ ናት። ደግ ናት። ከእኔ ትበልጣለች።»

እዚህ ላይ ቢያቆሙ ጥሩ ነበር። የአሥራ አራት ዓመት ውዳሴ ተጠራቅሞ ነበርና አላቆሙም። መምህር ፈንታሁን ተጨማሪ ሁለት ወረቀት ጠየቀ፤ እጁን እያፍታታ ጻፈ። አቶ ያሲን ሰዓታቸውን አሁን በግልጽ አዩ። በመጨረሻ ቄሱ ዓይናቸውን ሲገልጡ ምን እንዳደረጉ ገባቸው፤ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማሻ አላህ! ማሻ አላህ!» አሉ አቶ ያሲን ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። ብርሀንነሽ «እንትፍ! እንትፍ! እደጊ፣ ተመንደጊ!» አለች። ከዚያ ወላጁ ሁሉ ወደ ሥርጉት እየዞረ እንትፍ ይል ጀመር፤ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ምርቃቱ ስለደረሳቸው ፊታቸውን ጠረጉ። ሥርጉት ፈረመች።

አባትና ልጅ ወደ ቤት መመለስ ጀመሩ። ቄስ አስናቀው ቀልሏቸዋል። ዘንድሮ ከነበሩት ቀናት ሁሉ ይኼኛው ደስ ያለ ቀን እንደሆነ ለራሳቸው አመኑ፤ የልጅቷ አቀርቅራ መሄድ ብቻ አሳሰባቸው።

«አባ» አለች በመጨረሻ፣ «ያን ቀን ሽልማት ስቀበል ጥለውኝ የወጡት በእኔ አፍረው መስሎኝ ነበር።»

ቄስ አስናቀው መንገድ መሐል ቆሙ። ያ ሁሉ ሐሜታቸው ለገበያተኛው ገብቶታል፣ ለሚኒባስ ተሳፋሪው ገብቶታል፣ ለደብሩ ዲያቆናት ሁሉ ገብቷቸዋል። ለእሷ ግን የነገራት ሰው የለም። ፈዛዛ ሲሏት ፈዛዛ ነኝ ብላ አምና፣ ዳግመኛ እንዳይሏት ነበር ለካ በከሰል ሒሳብ ስትሠራ የኖረችው።

«ልጄ፣ ፈርቼ ነው እኮ» አሉ። «እንደ ወንድምሽ እንዳትሆኚብኝ ፈርቼ። አንድም ቀን አፍሬብሽ አላውቅም።»

ሥርጉት ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲያው ያሉትን ይድገሙልኝ። በሩ ሥር ሆኜ ግማሹ በደንብ አልተሰማኝም።»

ቄሱ ግራና ቀኝ አዩ። መንገዱ ላይ ሰው ነበረ፤ ከገበያ የሚመለስ፣ የሚያውቃቸውም የማያውቃቸውም። ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ከአራት ዓመቷ ጀመሩ። ቤት ሲደርሱ ገና ስድስተኛ ክፍል ላይ ነበሩ፤ እናቷ ምሳው ቀዘቀዘ ብላ ብትጠራቸው፣ ሁለቱም ደጃፉ ላይ ቆመው አልሰሟትም።