ከተማችን በአንድ ሰው ያደገችበት ዕለት

ዕድገት መሥሪያ ቤት ካልተከፈተለት ዝር እንደማይል ከሰሜን ሰዎች ሁሉ ቀድመው የተረዱት ከንቲባችን ጋቭሪል ስፒሪዶኖቪች ናቸው። ምድሯ ሲቆፈር በበጋ እንኳ ከጉልበት ጥልቀት በታች በረዶ የሆነባት ከተማችን ያን ጊዜ አራት ሺህ ሰው ነበራት። በዕቅዳቸው መሠረት በሃያ ዓመት አርባ ሺህ ትሆናለች። ስለዚህ የከተማ ዕድገት ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ እኔም ጸሐፊ ሆንኩ።

የጎደለን ቢሮ ብቻ ነበር። በከተማው ማሞቂያው በደንብ የሚሠራው ቤት ማዋለጃው ስለሆነ፣ ማዋለጃው ተዘግቶ ለእኛ ተሰጠ። እርጉዞች ቀናቸው ሲቃረብ በሄሊኮፕተር ወደ ደቡብ እንዲላኩ ተወሰነ። ሠላሳ ዓመት ያዋለደችን እትዬ ፌቭሮኒያ የቢሮው ጽዳት ሠራተኛ ተደረገች።

"ጋቭሪል ስፒሪዶኖቪች፣ ሰው የሚበዛው በመወለድ አልነበረም እንዴ?" አለች ቁልፉን ስታስረክብ።

"እሱ የድሮው አሠራር ነው። አሁን በስትራቴጂ ነው።"

በየካቲት የአስተማሪዋ የኩኔይ ተራ ደረሰ። ሆኖም በዚያው ሳምንት የወደፊቷ ከተማችን ሞዴል ደቡብ ለኤግዚቢሽን ተጠርቶ ነበር። ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃዎቹ እንዳይሰበሩ በሄሊኮፕተሩ ላይ ሁለት ወንበር ያዘ። ለኩኔይ ቦታ ጠፋ።

"በሚቀጥለው በረራ ትሄጃለሽ" አሏት ከንቲባው። "ትንሽ ታገሺ።"

"እኔስ እታገሣለሁ። ለእሱ ማን ይንገርልኝ?" አለች ሆዷን ይዛ።

በረራው በውሽንፍር ምክንያት ቀረ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ስብሰባ ተቀምጠን ሳለ፣ ባሏ ዱሉስታን ደግፏት ገባች። ምጥ ሲይዛት እግሯ የመራት ወደ ድሮው ማዋለጃ ነው።

"ስብሰባ ላይ እኮ ነን" አሉ ከንቲባው።

ፌቭሮኒያ መወልወያዋን ጣለች። "ወረቀታችሁን ከጠረጴዛው አንሱ። እርስዎ ውሃ ያፍሉ። ሌላው ይውጣ።"

ከንቲባው ማንቆርቆሪያውን ጣዱ። እኛ ኮሪደር ላይ ቆመን ስናዳምጥ፣ ከቀትር በፊት የሕፃን ልቅሶ ሰማን። ሴት ልጅ ነበረች። ከንቲባው ዕንባቸውን ጠርገው ሪፖርት አስጻፉኝ፦ "ጽሕፈት ቤታችን በተቋቋመ በስምንተኛ ወሩ የመጀመሪያውን ተጨባጭ ውጤት አስመዝግቧል።"

"ታዲያ ማዋለጃው ይከፈታል?" አለ ዱሉስታን።

"እንዴት ተደርጎ? ውጤት ማምጣት የጀመረ ቢሮ ይዘጋል እንዴ?"

አየሩ ሲጠራ ዱሉስታንና ኩኔይ ልጃቸውን በፀጉር ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ዕቃቸውን ይዘው ሄሊኮፕተር ጠበቁ። ፌቭሮኒያም ሻንጣዋን ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

"እትዬ፣ አንቺም?" አልኳት።

"ደቡብ አዋላጅ አጥሯቸዋል አሉ። ከየሰሜኑ የሚላኩት ወላዶች በዝተውባቸዋል።"

ሄሊኮፕተሩ ሲነሣ ከንቲባው በመስኮት አዩትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ጻፍ። ከተማችን ለሌሎች ከተሞች የሰው ኃይል ማቅረብ ጀምራለች።"

ጻፍኩ። ባለቤቴ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበርና፣ ከሥሩ የራሴን መልቀቂያ ጻፍኩ።