ዕድል አብሣሪው ጋሽ ወዳጆ

ከተማ ትንሽም ትሁን ትልቅ፣ ዕድልን ከሩቅ አይቶ የሚጮኽ፣ ግን አንድም ቀን ጫፏን ይዞ የማያውቅ አንድ ሰው አይታጣባትም። የሥራ ዕድል የሚያበሥር አለ፤ የባሕር ማዶ ዕድል የሚያበሥር አለ። የመርሐ ቤቴዋ ዓለም ከተማ ግን ከሁሉም የረቀቀውን ዓይነት አግኝታለች፤ የሂፕ ሆፕ ዕድል አብሣሪ!

ክቡርነታቸው ጋሽ ወዳጆ ይባላሉ። ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ሱቃቸው ስልክ ይጠግናሉ፣ ለሠርግ ሞንታርቦ ያከራያሉ። ይህ ግን ለእንጀራ ነው። ዋናው ሥራቸው የመርሐ ቤቴ፣ የመንዝና የግሼ ራፐሮች ሁሉ ጠቅላይ ማናጀርነት ነው። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ የከለከላቸውም የለም። ሃምሳን ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው ሲሆኑ፣ ኮፍያቸውን ወደ ኋላ አዙረው ይደፋሉ። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርሱ አውልቀው ይሳለማሉ፤ አለፍ ሲሉ መልሰው ያዞሩታል።

«በሩ ተከፍቷል!» ብለው ነው ሰው ቤት የሚገቡት። ሰላምታ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የምን በር እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ከታማኝ ምንጭ ነው» ይላሉ። ታማኙ ምንጭ ቴሌግራም መሆኑን የማያውቅ በከተማው ውስጥ የለም፤ እሳቸው ግን አንድም ቀን አምነው አያውቁም።

ይህን ሁሉ ብሥራት ፊት ለፊት የምትቀበለው ፀደንያ ነበረች። ፀደንያ ከጋሽ ወዳጆ ሱቅ ጋር በአንድ ግድግዳ በምትዋሰን ቤት ሹሩባ የምትሠራ፣ ሃያዎቹን ገና የጀመረች ልጅ ናት። ጣቷ ሥራ ሲይዝ አፏ ሥራ ይፈታል፤ ስለዚህ ራፕ ታደርጋለች። ግጥሙ ሲፈጥንላት ጉንጉኑም ይፈጥናል፤ ግጥሙ ሲጠፋባት ደግሞ ደንበኛዋ እንዳቀረቀረች ትቀራለች።

«አንቺ ልጅ፣ ቤት እስኪመታልሽ አንገቴ ደረቀ እኮ!»

«ትንሽ ይታገሡኝ እትዬ፣ ከወንዛችን ከ‹ጀማ› ጋር የሚገጥም ፈልጌ ነው።»

«‹ከተማ› በይና ጨርሺ! ልጄ ከትምህርት ቤት ሊወጣ ነው።»

ምኞቷ አንድ ነበር። አንድ ዘፈኗ፣ አንድ ብቻ፣ በወጉ ተቀርጾ ከማታውቀው ሰው ስልክ ሲወጣ መስማት። ይህንን አንድ ቀን ለጋሽ ወዳጆ ነገረቻቸው። አዪዪ! ለደረቀ ሣር ክብሪት እንደ መስጠት ነበር። ከዚያን ዕለት ጀምሮ በር ሳይከፈት ያለፈ ሳምንት የለም።

አንዴ «ጓሳ ላይ የራፕ ቪዲዮ ሊቀረጽ ነው፤ በርኖስ ለብሰሽ ነይ ተብለሻል» ብለው ከመንዝ ሰው በርኖስ ተውሰው አመጡላት። ለዚያ ቪዲዮ ስለ ብርድ አዲስ ግጥም ጻፈች። ጓሳ ድረስ ተጉዘው ሲደርሱ ግን ካሜራ የተሸከሙት ሰዎች ሊቀርጹ የመጡት ራፐር ሳይሆን ቀይ ቀበሮ ኖሯል። «ዝም በሉ፣ ይሸሽብናል» ተብለው በደረታቸው ተኝተው ዋሉ።

ሌላ ጊዜ ራቤል ላይ ታላቅ የሂፕ ሆፕ ድግስ አለ አሉ። ለሱም አዲስ ዘፈን ተሠራ። ድግሱ የበግ እርባታ ኤግዚቢሽን ሆኖ ተገኘ። ፀደንያ ከመጣሁ አይቀር ብላ፣ በሁለት ንግግሮች መሐል በጎቹ ፊት ቆማ ራፕ አደረገች።

«ታዳሚው እንዴት ጸጥ ብሎ እንዳዳመጠሽ አየሽ?» አሉ ጋሽ ወዳጆ ሲመለሱ።

«በግ እኮ ነው ጋሼ!»

«ቢሆንም። አንዱም ጥሎ አልወጣም።»

እናቷ ወይዘሮ ጌታነሽ በዚህ ሁሉ አልሳቁም። እሳቸው ጾም ገድፈው የማያውቁ፣ ማኅበር የማያስተጓጉሉ ሴት ናቸው፤ የልጃቸው ነገር ሁለመናው ግራ ነበር የሚሆንባቸው። «እንዲህ መጣደፍ ለምንድነው? የሚያባርርሽ አለ?» ይሏታል። በቅበላው ሰሞን ግን ቁጭ አድርገው ቁርጧን ነገሯት።

«እስከ ፋሲካ። አንድ እውነተኛ ነገር ከመጣ መጣ። ካልመጣ ግን ትተይዋለሽ፤ ልብሽም ያርፋል። ያ ወዳጆም ከእንግዲህ ደጄን እንዳይረግጥ።»

«እሺ፣ እማ።»

«በማርያም በይ።»

«በማርያም።»

እንዲህ ተብሎ ከተማለ በኋላ፣ በሁዳዴው አጋማሽ፣ ፀደንያ የአንዲት ሴት ጸጉር ግማሹን ጎንጉና ግማሹን ስታበጥር፣ ጋሽ ወዳጆ በሩን በርግደው ገቡ።

«ተከፍቷል! ዛሬስ ተከፍቷል! የሰሜን ሸዋ ራፐሮች ውድድር፣ ደብረ ብርሃን! ያሸነፈ ስቱዲዮ ይገባል። ቀረጻው እስከ ሰኞ መላክ አለበት። ከታማኝ ምንጭ!»

ፀደንያ ማበጠሪያዋን አስቀመጠች። ከፋሲካ በፊት ነው፤ በቃሏ ውስጥ ነው። ወዲያው ግን ፊቷ ዳመነ።

«ጋሼ፣ በሁዳዴ?»

ጋሽ ወዳጆ ግንባራቸውን መቱ። ማንም ሊነግራቸው አይገባም ነበር። በቅበላው ማግስት ሞንታርቦውን በነጭ አንሶላ ሸፍነው፣ እስከ ትንሣኤ እንዳይነካ የሚያደርጉት ራሳቸው ናቸው። ጠቅላይ ማናጀሩ በሁዳዴ የራፕ ቢት ከፈቱ ከተባለ ደግሞ ወይዘሮ ጌታነሽ ብቻ ሳይሆኑ አጥቢያው በሙሉ ነው የሚነሣባቸው።

በጠባቧ ቤት ወዲያና ወዲህ ተንቆራጠጡ። ግማሽ ጸጉሯ የተጎነጎነው ሴት በዓይኗ ትከተላቸዋለች። በድንገት ቆሙ።

«ልጅ ሆኜ ትንሽ ዜማ ተምሬ ነበር» አሉ። «በሁዳዴ ከበሮው ያርፋል፤ ጸናጽሉም ይቀመጣል። ታዲያ ካህናቱ ዝም ይላሉ? መቋሚያ ይዘው ያዜማሉ እንጂ!»

«መቋሚያ ልናመጣ ነው እንዴ?»

«ይቅር ይበለን! ለዚህ መቋሚያ አይነካም። የኔው ዱላ አለች።»

የመንገድ ዱላቸውን ከሱቃቸው ይዘው መጡ፤ ኮፍያቸውን አውልቀው አግዳሚው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ጣውላውን ወለል መምታት ጀመሩ። ቀስ ብሎ፣ ከባድ፣ እንደሚራመድ ሽማግሌ፤ ከዚያ ደግሞ ፋታ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ቶሎ ቶሎ። ፀደንያ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ራፕ አድርጋ አታውቅም። መጣደፍ አይቻልበትም። ቃሉ የዱላውን መውረድ መጠበቅ አለበት። ስልኳን እንድትቀርጻት ለደንበኛዋ አስያዘቻትና ጀመረች፦

ከበሮው ቢያርፍ እኔ መች አረፍኩ፣
በጣቴ ጸጉር፣ በልቤ ቃል ጎነጎንኩ፤
ጀማን ወርጄ፣ ጀማን ወጥቼ፣
ደረስሁ ስል ቆምኩ፣ ደጃችን ላይ ተመልሼ።

እንደጨረሰች በሩ ላይ ጥላ ወደቀ። ወይዘሮ ጌታነሽ ናቸው፤ ከቅዳሴ መመለሳቸው ነው።

«በሁዳዴ ዘፈን?»

«ዘፈን አይደለም እማ፣ ንግግር ነው።»

«ንግግር ከሆነ ለምን ራስሽን ትነቀንቂያለሽ?»

ጋሽ ወዳጆ ዱላቸውን ከጀርባቸው ደበቁ። ዱላው ግን ከራሳቸው በላይ ሁለት ስንዝር ብቅ ብሎ ይታይ ነበር።

ቀረጻው ተላከ። ሰኞ አለፈ፣ ማክሰኞም አለፈ። በሰሙነ ሕማማት ፀደንያ ትዕግሥቷ አለቀና ማስታወቂያውን ራሷ ከቴሌግራም ላይ ፈልጋ አነበበችው። አንብባ እንደጨረሰች ማበጠሪያዋን እንደያዘች ወደ ጎረቤት ሱቅ ገባች።

«ጋሼ፣ ይሄ ያምና ነው።»

«ምኑ?»

«ውድድሩ! አምና ተጀምሮ፣ አምና አልቆ፣ ያሸነፈውም አምና ተሸልሞ ቤቱ ገብቷል! ዓመቱን እንኳ አያዩም?»

ጋሽ ወዳጆ ስልኩን አቀረቡ፣ አራቁ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ። «በሩማ… ተከፍቶ ነበር» አሉ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ከእንግዲህ ምንም ዜና አያምጡልኝ» አለች። ሳትጮኽ ነው ያለችው፤ ያ ነው የባሰው።

ፋሲካ መጣ። ፀደንያ ቃሏን ጠበቀች፤ በማርያም ነዋ! ሹሩባውን በዝምታ ትሠራለች። ቀድሞ አንገታችን ደረቀ ይሉ የነበሩ ሴቶች ሁሉ ቅር አላቸው፤ ጸጉራቸውን ሲሠሩ ድንገት «ምነው፣ የሚገጥም ጠፋ?» ይላሉ። ጋሽ ወዳጆም ሞንታርቦውን ገለጡ፣ ሠርግ ሠሩ፤ በእሷ ደጅ ሲያልፉ ግን «እንደምን አደርሽ» ብቻ። ኮፍያቸው ወደ ፊት ዞሯል። ፀደንያ ይህን ስታይ፣ ከተናገረችው ቃል ይልቅ የዞረው ኮፍያ ከበዳት።

ከዚያ በኋላ ነው፣ ወደ ዕርገቱ ሰሞን፣ ከማታውቀው ስልክ የተደወለላት።

«ዮሴፍ እባላለሁ፤ ደብረ ብርሃን ስቱዲዮ አለኝ። ያምናውን ውድድር ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ካለቀ ዓመት ባለፈው ውድድር ዘንድሮ ተወዳዳሪ ሲመጣብኝ፣ ይሄ ማን ነው ብዬ ሣቅሁ። ለሣቅ ብዬ ከፈትኩት። ከዚያ ሣቄን አቆምኩ። ያ ዱላ ምንድነው?»

ፀደንያ መቀመጫ ፈለገች።

«ከየወረዳው ያሉ ራፐሮችን በአንድ አልበም እያሰባሰብኩ ነው» አለ። «ያንቺን እፈልገዋለሁ።»

ለእናቷ የሹሩባ ጸጉር ልገዛ ነው ብላ፣ በማለዳው አውቶቡስ ጀማን ወርዳ፣ ጀማን ወጥታ ሄደች። ስቱዲዮው ከአንድ የቆርቆሮ መሸጫ ጀርባ ያለች፣ ግድግዳዋ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ክፍል ነበረች። ዮሴፍ ዘፈኑን ካሰማት በኋላ «ሌላ ዝግጁ ምን አለሽ?» ሲል ጠየቃት። «አብዛኛው ሰው አንድ ይዞ ነው የሚመጣው።»

ፀደንያ ማሰብ ጀመረች። ለቀይ ቀበሮው ቪዲዮ የጻፈችው ስለ ብርድ አለ። የበጎቹ አለ። ጋሽ ወዳጆ ከአዲስ አበባ ይመጣል ብለውት ያልመጣው ሰውዬ ያስጻፋት አለ፤ ሊከፈት ነው ብለውት ያልተከፈተው ሬዲዮ ጣቢያ ያስጻፋት አለ። በጣቷ እየቆጠረች ስትዘረዝር ቆይታ፣ የተዘረጉትን ጣቶቿን አየች። ያልተከፈተ በር ሁሉ አንዳንድ ዘፈን ትቶላት ነበር የሄደው። እነዚያ ብሥራቶች ባይኖሩ ኖሮ፣ እሷም እንደሌላው ሰው አንድ ይዛ ትመጣ ነበር።

«ምነው?» አለ ዮሴፍ።

«ምንም። ብዙ አለኝ።»

«እንግዲያው በሰኔ ነይ፤ ሦስት እንቀርጻለን። ዱላ መቺውንም ይዘሽ ነይ።»

በመልሱ መንገድ ዜናው ጉሮሮዋ ላይ ተቀምጦ መጣ። ከጎኗ ለተቀመጠችው ሴት ልትነግራት ምንም አልቀራትም ነበር። ለእናቷ ስልክ መደወል ትችል ነበር፤ አልደወለችም። ዓለም ከተማ ስትደርስ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ጋሽ ወዳጆ ሱቅ ገባች።

አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ጋሽ ወዳጆ ጥገና ላይ ያለውን ስልክ ቀስ ብለው አስቀመጡ። «እኔን ደግሞ ይዛችሁ ምን ልታደርጉ?» አሉና ሳል አሳበቡ፤ ሳሉ ረዘመ። ጠቅላይ ማናጀሩ፣ ለሰው ሁሉ ዕድል ሲያበሥሩ የኖሩት ሰው፣ የራሳቸውን ሲሰሙ የት እንደሚያደርጉት አጡ።

«ለእትዬ ጌታነሽ ነገርሻቸው?»

«ለማንም አልነገርኩም።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ዜና እርስዎ አይደሉ እንዴ የሚነግሩ?»

ጋሽ ወዳጆ ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ ኋላ አዙረው ደፉ፤ ወጡ፤ ወደ ተከለከሉት ደጅ እየሮጡ ሄዱ። ፀደንያ ሆን ብላ ዘግየት እያለች ተከተለቻቸው።

ወይዘሮ ጌታነሽ በረንዳ ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። «አንተ ወዳጆ፣ ደጄን አትርገጥ አላልኩህም?»

«ይገርፉኝ እትዬ፣ ብቻ ይስሙኝ!» ጋሽ ወዳጆ እያለከለኩ ነው። «ልጅዎ ስቱዲዮ ልትገባ ነው! ደብረ ብርሃን! ሦስት ፎቅ ስቱዲዮ! በመስታወት!» ፀደንያ የቆርቆሮ መሸጫውንና ብርድ ልብሱን አሰበች፤ አላረመችም። «ቃሏ እስከ ፋሲካ ነበር አይደል? ቀረጻው የሄደው መቼ ነው? በሁዳዴ! ከፋሲካ በፊት! ዳኛ ፊት ብቀርብ እረታለሁ! ከወረዳው ሁሉ እሷን ነው የመረጡ!»

ስለ ዱላ መቺው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ወይዘሮ ጌታነሽ ሰፌዱን አስቀመጡ። እጃቸው ላይ የቀረችውን ምስር ትንሽ ዳሰሷት። ከዚያ ከጋሽ ወዳጆ ትከሻ በላይ ልጃቸውን አዩ፤ ዓይናቸው ውኃ ሞልቷል።

«አንቺ፣ እውነቱን ነው?»

ፀደንያ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ እንደ ደነገጠ ሰው።

«እኔም ገና አሁን ከሳቸው መስማቴ ነው፣ እማ» አለች።