ጭስ የሌላት ባጃጅ

የቤቱን ጭስ ባለቤቱ አያየውም፤ ዐይኑ ለምዶታል። የሚያለቅሰው እንግዳው ነው። አገር በአየር ንብረት ጉዳይ ስትመዘን መዛኙ ከሌላ ቦታ የሚመጣው ለዚህ ይመስለኛል። ይሁን። የእኛ አገር መብራት ከውሃ የሚመነጭ፣ ንጹሕ ነው ይባላል። እውነት ነው። እንዲያውም ከንጽሕናው ብዛት አንዳንድ ቀን ጨርሶ አይታይም።

ባሕር ዳር ውስጥ የኤሌክትሪክ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለፈው ክረምት፣ ዐባይ ደፍርሶ በሚጋልብበት ሰሞን፣ የታዳሽ ኃይል ሥራን የምትገመግም አንዲት ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣች። የባጃጅ ነጂዎች ማኅበራችን ፋሲሎ ሰፈር የባትሪ መሙያ ጣቢያ እንዲሠራለት ጠይቆ ነበር፤ የሚወስነው የእሷ ቃል ነው። ካልተፈቀደ ግማሾቻችን ባጃጃችንን መሸጣችን ነው። ታዲያ ማን ይዟት ይዙር? እኔን መረጡኝ። ለአነዳዴ እንዳይመስላችሁ። “አያ ደሴ ቃል አይወጣውም፤ አያበላሽብንም” ብለው ነው።

ልጅቷ ጠያቂ ናት። ከሐይቁ ዳር ተነሥተን ግሽ አባይ ሰፈር ሳንደርስ፣ ድሮ በምን ታበስሉ ነበር አለችኝ። በከሰል አልሁ። ከሰሉን ማን ያመጣው ነበር? እኔ። ከዚህ በላይ አልነገርኋትም። በልጅነቴ ከሰል በጀርባዬ አዝዬ ዱርቤቴ ገበያ እወርድ ነበር፤ ያልተሸጠ ዕለት እራት የለም። ጫካውን ስንጨርሰው ሊገመግመን የመጣ ሰው አልነበረም፤ በልተን ማደራችንንም የጠየቀ የለም። ያኔ የምናጨሰው ነገር ድህነት ይባል ነበር። አሁን የካርቦን ልቀት ይሉታል። ስሙ አድጓል።

ይህን ሳሰላስል ባጃጇ ቀጥ አለች። ከትናንት ጀምሮ መብራት ስላልነበረ የወጣሁት በግማሽ ባትሪ ነው። ለምን አልተናገርህም ትሉኝ ይሆናል። ቃል የማይወጣው ሰው ተመርጦ!

ፊት ለፊታችን ወፍጮ ቤት አለ፤ መብራት ሲጠፋ በናፍጣ ጄኔሬተር ይፈጫል። ገፍተን አስገባናት። ባለሙያዋም ገፋች፣ ነጭ ጫማዋን ጭቃ እየዋጠው። ባለ ወፍጮው መፍጨትና ባትሪ መሙላት አንድ ላይ አይሆንም አለ። ወረፋ የያዙት ሴቶች ተንጫጩ። ከፊት የተሰለፉት እማማ ጥሩዬ እህላቸውን አቅፈው፣ “ተራ የማይጠብቅ የለቅሶ ቤት እህል ነው። እናንተስ ማን ሞተባችሁ?” አሉን።

“ባትሪው” አልሁ።

ሳቁ። ቀጥለው ልጅቷን ከራስ እስከ እግር አዩዋትና፣ ከየት ነሽ ልጄ አሏት። ከአዲስ አበባ። “በል ሰካላት!” ብለው ባለ ወፍጮውን አዘዙት። “እንግዳ አገራችን መጥታ መንገድ ላይ ቀረች ከሚባል ለቀስተኛው ሽሮውን ዘግይቶ ይብላ።”

ጄኔሬተሩ እየተንደቀደቀ ተነሣ። ጥቁር ጭስ ቤቱን ሞላው፤ ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ያዙ። አንዷ እየሳለች፣ “ጭስ የላትም ያላችኋት ባጃጅ ይቺ ናት? እሰይ! የእሷንም ጭስ እኛ ዋጥንላት” አለች። ባለሙያዋ እንባዋን እየጠረገች ትጽፋለች። ጣቢያችን ከዚያ ጭስ ጋር ሽቅብ ሲሄድ ታየኝ።

ሰው ናት ግን። አልዋሸችም፣ አልጨከነችም። ከባጃጇ ስትወርድ የጻፈችውን ነገረችኝ፦ ተሽከርካሪው ንጹሕ ነው፤ ኃይሉም ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሁለቱ አይገናኙም። ቃል ቆጣቢ ነኝ እል ነበር፤ በለጠችኝ።

ጣቢያው ተፈቀደልን። ፋሲሎ ላይ ቆሟል፣ ያምራል። ሁለቱ የማይገናኙበትም ነገር ከበላይ መፍትሔ ተበጀለት፤ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣ ትልቅ ጄኔሬተር አብሮ ተተከለ። ናፍጣውን በጀሪካን የማመላልሰው እኔ ነኝ፤ በኤሌክትሪክ ባጃጄ፣ ቅንጣት ጭስ ሳላወጣ።