ቡላ ተሸጣ ላፕቶፕ ስትሆን

ላፕቶፕ የገዛ ሰው ሁሉ ውሸታም ነው!

አትቆጡ… በቅድሚያ ቻርጀሩ እንዳይነቀል ከሥሩ የሸጎጣችሁትን ካርቶን አስተካክሉና ተረጋግታችሁ አንብቡ። እኔ ይህን የምለው ሶዶን ዞሬ ጠይቄ ነው። "ላፕቶፕህ እንዴት ናት?" ያልኩት ሰው ሁሉ ልጁ አንደኛ የወጣችለት ያህል ደረቱን ይነፋል። አንድ መምህር ወዳጄን ስለ ባትሪው ጠየቅኩት።

"አምስት ሰዓት ትንፍሽ አትልም!" አለኝ።

"ታዲያ ለምንድነው ሁልጊዜ ከሶኬት አጠገብ የምትቀመጠው?"

"ግድግዳ መደገፍ እወዳለሁ።"

ይኸውላችሁ! ይኸው መምህር የሌላ ሰው ላፕቶፕ ጉድለት ንገረኝ ስለው ግን ማን ያስቁመው! ስክሪኑ፣ ማጠፊያው፣ ድምፁ፣ ሙቀቱ… አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አስተማረኝ። የራሱን የማያውቅ፣ የጎረቤቱን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሕዝብ ነን።

እኔ ላፕቶፕ ያስፈለገኝ ለቅንጦት አይደለም። ገጣሚ ነኝ። (ማን አስተማረህ አትበሉኝ፤ ማንም።) ግጥሞቼን የምጽፈው በስልክ ነበር፤ ስልኬ ደግሞ አንድ ቀን ከባጃጅ ስወርድ ወደቀና ስክሪኑ ጥግ ላይ ተሰነጠቀ። በስንጥቁ ሥር የቀረው የ"ፈ" ቤት ነው። ከዚያ ወዲህ ብነካው ብነካው አልሰማ አለኝ። አስቡት! "ፈ" የሌለው ገጣሚ ማለት ፍቅር የሌለው ገጣሚ ማለት ነው። ስለ ዝናብ ጻፍኩ፣ ስለ ዳሞታ ተራራ ጻፍኩ፣ ስለ መንገድ ጻፍኩ… ጓደኞቼ ግን "በስላሃል፤ ከፍቅር ግጥም ወጥተሃል" ብለው አደነቁኝ። ስክሪኑ መሰንጠቁን አልነገርኳቸውም።

ያለኝ ሀብት አንድ ነው፦ ቡላ። ቡላ ጊደር ናት፤ እንዲያውም ግማሽ ጊደር። ጥጃ ሳለች እናቴ ለእኔ ብላ፣ አረካ ከሚኖረው አጎቴ ከጋሽ አንጁሎ ጋር ግማሽ ግማሽ አዋጥተው የገዟት ናት። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሽርክና ኮታ እንለዋለን። ከብቷ አንዱ ዘንድ ታድጋለች፣ የምትወልደው ግን የሁለቱም ነው። እናም ቡላ እዚያ አረካ ሣር ስትግጥ፣ እኔ እዚህ ሶዶ ግማሽ ባለሀብት ሆኜ እኖር ነበር።

አረካ ሄጄ "ጋሼ፣ ቡላን እንሽጥና ድርሻዬን ስጠኝ፤ ላፕቶፕ ልግዛ" አልኩት። አጎቴ ቡላን አያት፤ ቡላም አየችኝ።

"ግማሿ ደህና ላፕቶፕ ይገዛል?"

"ደህና እንኳ አይገዛም…"

"እንግዲያው ሙሉዋን እንሽጥና ደህናውን እንግዛ።"

ዓይኔ እንባ አቀረረ። እንዲህ ያለ አጎት የት ይገኛል! ላቅፈው ስነሳ ቀጠለ፦

"ኮታው ግን እንዳለ ነው። ግማሹ የኔ ነው። ደግሞ ሳላያት አልገዛም።"

እንዲህ ሆኖ ቡላ ተሸጠች፤ አጎቴም የላፕቶፕ ባለ ድርሻ ሆነ። እኔም ጭንቀት ያዘኝ። በምርጫው ከተሳሳትኩ ቡላም የለች፣ ላፕቶፕም የለ፣ አጎቴን የማይበት ዓይንም የለኝ።

ስለዚህ አጠናሁ። በጓደኛዬ ስልክ ያላየሁት ቪዲዮ የለም። ልቤ ያረፈባትን ብራንድ ስም አልጠራም፤ ለማስታወቂያ አልተከፈለኝማ! ብርማዋ እንበላት። ጥንካሬዋ፦ ቀጭን ናት፣ ቀላል ናት፣ ስክሪኗ ቁልጭ ያለ ነው፣ የፊደል ቁልፎቿ በጨለማ ያበራሉ። ድክመቷ፦ ትሞቃለች፣ ራም አይጨመርላትም፣ የቻርጀር ቀዳዳዋ ቅምጥል ነው። ሁሉንም በቃሌ ያዝኩ። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ፦ አጎቴ ቪዲዮ አያይም።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያ ተቀበልኩት። ከብት ገበያ የሚይዘውን ዱላ ይዞ ነው የመጣው።

"ጋሼ፣ ዱላው ለምንድነው?"

"ልማድ ነው" አለኝ። ገና ከሚኒባሱ ሳይወርድ ተሳፋሪውን ሁሉ ጠይቆ ጨርሷል። ከዱቦ የተሳፈረች ነርስ የብርማዋን ተፎካካሪ፣ ጥቁሩን ብራንድ አመስግናለታለች። እኔ ያንን ጥቁር ብራንድ ስጠላው! ወፍራም፣ ከባድ፣ ስክሪኑ ደብዛዛ… ለሂሳብ ሠራተኛ እንጂ ለገጣሚ የሚሆን አይደለም።

በቀጥታ ብርማዋ ወዳለችበት ወደ በረከት ሱቅ ወሰድኩት። በረከት ቀልጣፋ ልጅ ነው፤ ብርማዋን እንደ ሙሽራ ገልጦ አቀረበለት። አጎቴ በአንድ እጁ አነሳትና ፊቱ ተኮሳተረ።

"ከስታለች።"

"አባባ፣ ቀላል መሆኗ እኮ ነው ጥንካሬዋ!" አለ በረከት።

"ምን ያበሏታል?"

"መብራት ነው፣ አባባ።"

"ታዲያ ከሶዶ መብራት ጋር መክሳቷ ምን ይገርማል!"

በሩ ላይ የቆሙ ሁለት የባጃጅ ሾፌሮች በሳቅ ወደቁ። አጎቴ ግን አልሳቀም፤ ምርመራ ላይ ነው።

"አዲስ ናት?"

"ስላሽ ናት፣ አባባ። ውጭ አገር ትንሽ ተሠርቶባት የመጣች።"

"ደህና ከሆነች ለምን ሸጧት?"

"እነሱ በየዓመቱ ነው የሚቀይሩት።"

"በየዓመቱ? ሳትወልድ?"

በረከት እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ከዚህ በኋላ አጎቴ በከብት ገበያ የኖረበትን ዘዴ አመጣው። ሻጭን ስለ ከብቱ አይጠይቅም፤ ከሻጩ አጠገብ የቆመውን ነው የሚጠይቀው። ብርማዋን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ጎን ያለው የመስከረም ሱቅ ገባ። መስከረም የምትሸጠው ጥቁሩን ብራንድ ነው።

"ልጄ፣ ያቺ የበረከት ብርማ እንዴት ናት?"

"ውይ አባባ! እሷ እኮ ስትሠራ እንቁላል ትጠብሳለች!"

አጎቴ አመስግኖ ወደ በረከት ተመለሰ። "የዚያች ልጅ ጥቁርስ?"

"አባባ፣ እሷን ሲከፍቷት ወፍጮ ቤት የገቡ ነው የሚመስልዎት! ድምፅዋ!"

ተመልሶ ወደ መስከረም። እንደገና ወደ በረከት። ከዚያ ሌሎቹ ሱቆችም በሩቅ እየተጣሩ ምስክርነት ይሰጡ ጀመር። እኩለ ቀን ሳይሆን በመላው ሶዶ አንድ ጤነኛ ላፕቶፕ አልተረፈም! ያ ሁሉ ያጠናሁት ጥንካሬና ድክመት አፈር በላ፤ የቀረው ድክመት ብቻ ነው።

"እንግዲህ ሁለቱም በሽተኞች ናቸው" አለ አጎቴ፣ ደስ ብሎት። "ለምን ሥራ ነበር ያልከኝ?"

"ለግጥም።"

"እንግዲያው ትሞከር። እኔ በሬ ስገዛ ሳልጠምደው ገንዘብ አውጥቼ አላውቅም። ቁጭ በልና ግጠም።"

"እዚህ?"

"የት ልትወስዳት ነው ታዲያ?"

ተቀመጥኩ። በረከት የአማርኛ መጻፊያውን ከፈተልኝ። ብርማዋ ፊቴ በራች። ባጃጅ ሾፌሮቹ ጠጋ አሉ፤ ካርድ ሻጯም መጣች፤ አንድ ወንበዴ የሚመስል ሰው ከትከሻዬ በላይ አንገቱን አሰገገ። ስድስት ወር የናፈቀችኝ "ፈ" እፊቴ ተኝታለች… እኔ ግን አንድ ቃል ጠፋኝ! እንደዚያ የምወዳት ብርማ ፊት ላይ አፌ ተሳሰረ። ለምትወዷት ልጅ ሰላምታ መስጠት አቅቷችሁ ያውቃል? እሱ ነው።

"ምን ሆነች?" አለ አጎቴ።

"እያሰብኩ ነው፣ ጋሼ።"

"አንተን አይደለም፤ እሷን ነው የጠየቅኩት።"

"እሷ እኮ እኔን ነው የምትጠብቀው!"

"ልግመኛ ናት" ብሎ ፈረደባት። በሬ ቢሆን ኖሮ ወደ ቄራ ነበር የሚያስነዳት።

መስከረም ይህን ጊዜ በርጩማ ይዛ ወጣች። "ና ወንድሜ፣ እኔ ጋ አረፍ ብለህ ሞክር። እዚያ አስጨነቁህ።"

እንግዲህ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጥቁሯ ላይ ስቀመጥ ተንኮል አስቤ ነበር። እጅግ መጥፎ ግጥም እጽፋለሁ፤ ሰው ያፍርብኛል፤ አጎቴ ጥፋቱን በጥቁሯ ላይ ያላክካል፤ ብርማዋ ትድናለች! እናም ሳላስብ፣ ሳልጨነቅ፣ እየሳቅኩ ጻፍኩት። "ፍቅር"ንም እስኪበቃኝ ነዛሁት፦

ቡላዬ ተሽጠሽ ጭራሽ ሽቦ ሆነ፣
ግንባርሽ መስታወት ፍቅር የሰፈነ፣
ወተትሽ ቢቀርም በዱቦ ባረካ፣
ፍቅር እናልባለን ፍቅር ሳይለካ።

ጮክ ብዬ አነበብኩትና ስድቡን መጠባበቅ ጀመርኩ።

አንደኛው የባጃጅ ሾፌር አጨበጨበ። ካርድ ሻጯ "ድገመው!" አለች። ወንበዴ የሚመስለው ሰው "ጭራዋ ሽቦ ሆነ…" እያለ ራሱን ነቀነቀ። ዞሬ አጎቴን ባየው ዱላውን ተደግፎ ወደ ዳሞታ አሻግሮ ያያል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ቡላ ናት" አለ ቀስ ብሎ። "ይህቺ ታርሳለች። ክፈል።"

"ጋሼ፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው መጥፎ…"

"ክፈል ብያለሁ!"

ከፈልኩ። በረከት ብርማዋን ሲሸፍናት ዞር ብዬ ላለማየት ጫማዬን አሠርኩ። ጫማዬ ማሠሪያ የለውም።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! በሳምንቱ ስልክ ተደወለ።

"ሳሮ!" አለኝ አጎቴ፤ በእኛ ቋንቋ ሰላም ማለቱ ነው። "ወለደች?"

"ማን?"

"ጥቁሯ ነች እንጂ ማን!"

የኮታችን ውል ግልጽ ነው፦ የመጀመሪያው ለታላቁ ባለ ድርሻ፣ ቀጣዩ ለታናሹ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ። የመጀመሪያው እንግዲህ ያ የቡላ ግጥም ነው። አጎቴ አንድ ልጅ ልኮ በወረቀት አስወሰደው፤ አረካ በተደረገ ሠርግ ላይም ቆሞ አነበበው። "የማን ነው?" ሲሉት "የኔ ነው" አላቸው። ውሸት አልተናገረም፤ በውላችን መሠረት የሱ ነው! አሁን አረካ ስሄድ ሰዎች በአክብሮት እጄን ይይዙና "የገጣሚው የእህት ልጅ አንተ ነህ?" ይሉኛል።

አንዴ ድካም ያለበትን ግጥም በእሱ ተራ ልልክለት ሞክሬ ነበር። በነጋታው መለሰው። "ይሄ ከስቷል፤ አንተ ዘንድ ይክረም" አለኝ።

ላፕቶፗስ እንዴት ናት? ትሉኝ ይሆናል። በጣም ደህና! ክብደቷ ለትከሻ ስፖርት ነው፤ ድምፅዋ ያጫውታል፤ ስክሪኗ ደብዘዝ ማለቱ ለዓይን ይመከራል። ባትሪዋማ አምስት ሰዓት ትንፍሽ አትልም! ይህን የምጽፈው ሶኬት ሥር ተቀምጬ መሆኑን ያየ ካለ፣ እኔም ግድግዳ መደገፍ እወዳለሁ።

ወጉን ጨርሼ በስልክ ለአጎቴ አነበብኩለት። በተራ ላለመጨቃጨቅም አከፋፈሉን አስቀድሜ ነገርኩት፦ አንባቢ የሳቀበት ግማሽ የእኔ፣ ያልሳቀበት ግማሽ የእሱ።

ዱላው መሬት ሲመታ በስልኩ ተሰማኝ፤

"ይሁን" አለኝ። "የሚበዛው የቱ እንደሆነ አንተም ታውቃለህ።"